ከብሩክ ፋርም የወጡት የት ደረሱ?

የጋራ ሥራና ኑሮ ማኅበር የነበረው ብሩክ ፋርም የቆየው ስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ጆርጅ ሪፕሊ የቦስተን ሰባኪነቱን ትቶ ከባለቤቱ ከሶፊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1841 ይህን ማኅበር ሲመሠርት፣ ማረሻ የሚጨብጥ እጅ ብዕርም ይጨብጣል የሚል እምነት ነበረው። በ1846 ግንባታው ገና ያላለቀ ትልቁ ሕንፃ ተቃጠለ፤ በ1847 ማኅበሩ ፈረሰ። «ከሰረ» ብለው ነገሩን ለሚዘጉት ሰዎች፣ ማኅበሩን የሚወዱት ወገኖች በእርሻው የኖሩትን ታዋቂዎች ስም በመደርደር ይመልሳሉ። እኔ ማኅበሩን ከሚያከብሩት ነኝ፤ ይህ መልስ ግን ደካማ ይመስለኛል። በዝርዝሩ ራስ ላይ የሚቀመጠው ደራሲው ናትናኤል ሆቶርን እዚያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ፍግ ሲዝቅ መጻፍ አቅቶት ወጣ፣ ኋላም ያስገባውን ገንዘብ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሄደ። የእሱን ልቦለዶች የማኅበሩ ፍሬ ማለት አግባብ አይደለም።

ማኅበሩ ፍሬ እንዳፈራ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ሌላ ነው። ቻርለስ ዳና ወደ ማኅበሩ ሲገባ ዓይኑ ታምሞ ከሃርቫርድ ያቋረጠ ወጣት ነበር፤ ጆን ድዋይትም እንደ ሪፕሊ የስብከት ሥራውን የተወ ሰው። ሪፕሊን ጨምሮ ሦስቱም በሙያቸው ጋዜጠኞች አልነበሩም። ከ1845 ጀምሮ ግን በእርሻው ላይ «ሃርቢንጀር» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ እያዘጋጁ ማረምን፣ መተቸትን፣ በቀጠሮ ማድረስን ተለማመዱ። ከዚያ በኋላ ዳና የኒውዮርክ ትሪቡን፣ ቀጥሎም የሰን ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ሪፕሊ በትሪቡን የመጻሕፍት ሐያሲ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1880 ሠራ፤ ድዋይት በ1852 የጀመረውን የሙዚቃ መጽሔት ሠላሳ ዓመት ገደማ አቆየው። «ቀድሞም የተማሩ ስለነበሩ የትም ይሳካላቸው ነበር» ይባል ይሆናል። መማራቸው እውነት ነው፤ ኋላ እንጀራ የሆናቸውን ሙያ ግን የተለማመዱት እዚያ ነው። ዳና በስተርጅናው የወጣትነት ሐሳቡን መተዉም ይነሣል፤ ትቷል። እኔም ማኅበሩ ሙያ ሰጠ እንጂ የዕድሜ ልክ እምነት አተመ አላልኩም።

ዝርዝሩን የማልወድበት ዋናው ምክንያት ግን የሚያስቀራቸው ሰዎች ናቸው። ከ1844 ወዲህ አናጺዎችና ጫማ ሠሪዎች በብዛት ገብተው ነበር፤ እነሱና ልብስ አጣቢዎቹ ሴቶች ከወጡ በኋላ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለሪፕሊም ራሱ ቢሆን የሚመሰክርለት ዝናው ሳይሆን ዕዳው ነው፦ የሚወዳቸውን መጻሕፍቱን ሸጦ፣ የቀረውንም የማኅበሩን ዕዳ በጋዜጣ ደመወዙ ለብዙ ዓመታት ሲከፍል ኖረ።