የጎመን ምንቸት አይውጣ

በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ማንኩሳ ሳይደርስም፣ ማንኩሳን ካለፈም በኋላ ዓይኑን የሚይዘው በርበሬ ነው። በየደጁ ሸራ ተነጥፏል፣ ጆንያ ተዘርግቷል፣ ዛላው በላዩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሴቶችና ልጆች ዳር ዳሩን ቁጭ ብለው ይለቅማሉ፤ የነጣው ለብቻ፣ የሻገተው ለብቻ፣ ደህናው ለብቻ። የለቃሚዎቹ ጣት ጫፍ ቀልቷል፤ ዓይናቸውን እንዳይነኩ በክንዳቸው ነው ላባቸውን የሚጠርጉት። አንዲት እናት ዘንድ ጎንበስ ብዬ፣ "እማማ፣ ይህ ሁሉ ለገበያ ነው?" አልኳቸው።

"ለገበያም ለቤትም ነው ልጄ። ለዛሬ ምሳ የሚሆነን ግን ያውና እዚያ ነው" ብለው በአገጫቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙኝ።

ጓሮው ጠባብ ነው። ጥቂት ጎመን፣ አምስት ስድስት እግር ቃሪያ፣ አጥሩ ጥግ አንድ የሎሚ ዛፍ። ቃሪያዎቹ ገና አረንጓዴ ናቸው፤ አንዳንዱ ከጫፉ ቀላ ማለት ጀምሯል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ የሚያየው ደጅ ያለውን ቀይ ስጥ ነው። ጓሮውን የሚያይ የለም። ቤተሰቡን ከአንድ ክፉ በሽታ የሚጠብቀው ግን ጓሮው ነው።

በሽታው ስከርቪ ይባላል። በመጀመሪያ ሰውነትን ያዝላል፤ ሰነፍ ያስመስላል። ከዚያ እግር ያማል፣ ጉልበት ያብጣል፣ በፀጉር ሥር ነጠብጣብ ደም ይቋጠራል፣ ድድ አብጦ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል። ከዓመታት በፊት የዳነ ቁስል እንደገና ሊከፈት ይችላል። በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ የቫይታሚን ሲ እጦት።

ሰውነታችንን አያይዞ የሚያቆመው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቆዳውም፣ ድዱም፣ የደም ሥሩም፣ የቁስል ጠባሳውም በእሱ ነው የሚጸናው። ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ ሰውነት ኮላጅን መሥራቱን አያቆምም፤ የሚሠራው ግን ጭድ እንዳልገባበት የግድግዳ ጭቃ ይሆናል፣ አይያያዝም። እ.ኤ.አ. በ1939 ጆን ክራንደን የተባለ ወጣት የቦስተን ቀዶ ሐኪም ይህን በገዛ ገላው ፈተነ። ቫይታሚን ሲ የሌለበት ምግብ ብቻ እየበላ ወራት ቆየ። በሦስተኛው ወር ጀርባው ላይ የተቆረጠው ቁስል ዳነ። በስድስተኛው ወር የተቆረጠው ግን ከላይ የተገጠመ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልያዘም። ቫይታሚኑን በመርፌ ሲወስድ ያው ቁስል ተጠገነ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የሰውዬው ድፍረት ብቻ አይደለም። ክራንደን በእነዚያ ወራት አልተራበም፤ ዳቦውንም፣ አይቡንም፣ እንቁላሉንም እየበላ ነበር።

ፍየል ይህ ችግር የለባትም። ላምም፣ በግም፣ ውሻም እንዲሁ፤ ቫይታሚን ሲን በጉበታቸው ራሳቸው ይሠሩታል። ሰው፣ ዝንጀሮና ጥቂት ሌሎች እንስሳት ግን ይህን ችሎታ በጥንት ዘመን አጥተዋል። ስለዚህ በማንኩሳ መስክ ፍየሎቿ ደረቅ ቅጠል እየቆረጠሙ ጤነኛ ሆነው ሲውሉ፣ የሚጠብቃቸው ልጅ ከውጭ ማግኘት አለበት። ሰውነታችን ሙሉ ሲሆን የሚይዘው ክምችት 1,500 ሚሊግራም ያህል ነው። ምንም ካልተጨመረበት ምልክቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት ይጀምራል።

ወደ በርበሬው ልመለስ። ዛላው በተክሉ ላይ እርጥብ ሳለ ቫይታሚን ሲ የሞላበት ነው፤ እንደ ዝርያው ቢለያይም መቶ ግራም ጥሬ ቃሪያ ከመቶ ግራም ብርቱካን ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዱም አራት እጥፍ ይይዛል። ሸራ ላይ ሲሰጣ ግን ፀሐዩና ነፋሱ አብዛኛውን ይወስዱታል። ከዚያ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በድስት ውስጥ በሽንኩርት ይቁላላል። ቀለሙና ማቃጠሉ ይቀራል፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ካሮቲንም ከፊሉ ይቆያል። ቫይታሚን ሲው ግን ወጡ ዘንድ ሲደርስ የለም ማለት ይቻላል።

ቫይታሚን ሲ በብዛት ተነጥሮ የወጣው ከዚሁ ከበርበሬ ነው። ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት ጆርጂ ሴገድ በምትባል በርበሬ አምራች ከተማ ያስተምር ነበር። ራሱ እንደተናገረው አንድ ማታ ሚስቱ ለእራት እርጥብ በርበሬ አቀረበችለት። መብላት አላሰኘውምና ይዞት ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። ከዚያ በፊት ቫይታሚኑን በግራም ለማግኘት ይቸገር የነበረው ሰው በጥቂት ሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የሴገድ ሰውና የቡሬ ሰው ቢገናኙ ስለ ዛላ ብዙ ያወሩ ነበር።

በርበሬ የእኛ ነው ብለን እንምላለን እንጂ አገሩ አሜሪካ ነው። ወደዚህ የዓለም ክፍል የመጣው የስፔንና የፖርቱጋል መርከቦች ውቅያኖስ ማቋረጥ ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን መርከበኛው በስከርቪ ይረግፍ ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1497 ከሊዝበን ተነስቶ ሕንድ ደርሶ ሲመለስ ካስከተላቸው ሰዎች ብዙዎቹን የጨረሰው ይኸው በሽታ ነው። የመርከብ ስንቅ ደረቅ ብስኩትና ጨው የበዛበት ሥጋ ነበር። ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 አሥራ ሁለት በሽተኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በሳምንት ውስጥ ተነሱ። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞች ማደል የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። በመካከሉ ስንት ሰው እንደሞተ ማሰብ ያማል።

የእኛም ስንቅ ከመርከቡ ስንቅ አይርቅም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ ሁሉም እንዳይበላሽ ተብሎ የደረቀ ነው፤ ከደረቀም ቫይታሚን ሲ የለውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ"ፍቅር እስከ መቃብር" አንባቢ የሚያውቀው በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ቤቱን ትቶ በትምህርት መንገድ የወጣ። እንደ እሱ ያለው የጎጃም ተማሪ ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ እያደረቀ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ ዓመታት ይቀመጣል። ታዲያ ተማሪው እንደ መርከበኛው ያልረገፈው ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ተማሪው የሚሄደው በምድር ላይ ስለሆነ ነው። በመንገዱ አጋም አለ፣ ዶቅማ አለ፣ ሾላ አለ። ወደ ደጋው ሲወጣ ቀጋ አለ። አዝመራ ሲደርስ ባለ ማሳው የባቄላ እሸት አይከለክለውም። መርከበኛው ወር ሙሉ ውሃና ሰማይ ብቻ ነበር የሚያየው።

ሰው ከጓሮውም ከጫካውም ሲለይ ምን እንደሚሆን ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በገዛ ወገኖቻችን ላይ ደርሷል። በጦርነትና በድርቅ ምክንያት ከአገር ወጥተው በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በስከርቪ ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የታተመ ጥናት በአንዳንዶቹ መጠለያዎች ከመቶ ሰው ከ14 እስከ 44 የሚሆነው በሽታው እንደታየበት ይናገራል። በሃያኛው መቶ ዘመን፣ ሎሚ መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት! በመጠለያው የቆዩበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የታማሚው ብዛት ጨመረ። በተለይ የተጎዱት በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና አረጋውያን ነበሩ። የሚታደላቸው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው፤ ራሽኑ ሳይጎድል ቢሰጥ እንኳ ቫይታሚን ሲ አልነበረበትም። ከመካከላቸው ከብት አርቢ የነበሩት በአገራቸው ከግመል ወተት ያገኙት ነበር፤ ግመሎቹ ግን አብረው አልመጡም። ኋላም ከሶማሊያ ሸሽተው ጅጅጋ አጠገብ ሐርቲሼክ በሰፈሩት ስደተኞች ላይ ያው ነገር ደረሰ።

በእንዲህ ያለ መጠለያ አንዲት እናት ከታደላት ስንዴ ቀንሳ ሸጣ ቲማቲምና ሽንኩርት ስትገዛ "እርዳታ ሸጠች" ተብላ ትወቀሳለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። የጎደለውን ያወቀችው እሷ ናት።

አሁን ጎመኑ ላይ ደረስኩ። መስከረም ሲጠባ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" እንላለን። ደስታው ይገባኛል፤ ጎተራ ጎድሎ፣ ሐምሌና ነሐሴን በጎመንና በድንች የተሻገረ ቤት እህል ሲያይ ደስ ይበለው። ግን ያንን ክረምት ያሻገረው ማን ሆነና ነው የሚባረረው? ጎመን ከአትክልት ሁሉ በቫይታሚን ሲ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። ድንችም ቢሆን መጠኑ አነስተኛ ነው እንጂ ብዙ ስለሚበላ ይጠብቃል፤ አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲጠፋ ከረሃቡ ጋር ስከርቪም ገብቷል። ጎመን በጤና የሚለውም ተረት እንዲሁ የወጣ አይደለም።

አያቶቻችን ሳይንሱን ሳይሰሙ የሚሠሩት ሌላም አለ፤ በቆልት። ደረቅ ባቄላ ቫይታሚን ሲ የለውም ማለት ይቻላል። ዘፍዝፈው፣ ሸፍነው፣ ጭራ እስኪያወጣ ሲያቆዩት ግን ከራሱ ያፈራዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በስከርቪ የተያዙ የሰርቢያ ወታደሮችን በበቀለ ቦሎቄ አክሞ ከሎሚ ጭማቂ ያላነሰ ውጤት አግኝቷል። በጾም ወራት በቆልት የምታቀርብ የጎጃም እናት ይህን ከማንም አልተማረችም። ቀጋም እንዲሁ። እረኛ በመንገድ ዳር ለቅሞ የሚበላው ይህ የጽጌረዳ ዘመድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ብርቱካን ከውጭ ማስመጣት ሲቸግራቸው ልጆቻቸውን የዱር ጽጌረዳ ፍሬ አስለቅመው ለሕፃናት ሽሮፕ ያዘጋጁ ነበር።

ማጀቱ ውስጥ ግን የምንጎዳበት ነገር አለ። ጎመኑን ረዥም ሰዓት ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ ውሃውን ስንደፋው ብዙው ቫይታሚን አብሮ ይፈስሳል። ከታጠበ በኋላ ቢከተፍ፣ በጥቂት ውሃ ተከድኖ ቶሎ ቢወርድ፣ ውሃውም እዚያው ቢመጠጥ ይሻላል። ቃሪያ ጥሬውን ነው ጥሩ፤ ስንግ ተደርጎ ሽሮ አጠገብ ሲቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው። በእንጀራውና በሽሮው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ያግዛል። ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣም እንዲሁ።

ድድ በደማ ቁጥር ስከርቪ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ንጽሕና ጉዳይ ነው። ነገር ግን ለወራት አንድ ዓይነት ደረቅ ምግብ ብቻ የበላ ሰው እግሩን ካመመው፣ ሳይመታ ቆዳው ከበለዘ፣ ድዱ ካበጠ፣ ሐኪሙ ምን ሲበላ እንደከረመ ይጠይቀው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ በቀናት ውስጥም ለውጥ ይታያል።

ለብዙ ሰው የምታበስሉ፣ በአብነት ትምህርት ቤት፣ በማረሚያ ቤት፣ ተፈናቃይ በሰፈረበት መጠለያ ያላችሁ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን የምትጦሩም፤ ከስንዴው፣ ከሽሮውና ከዘይቱ ጋር ትኩስ ነገር ጨምሩ። ቦታ ካለ ጎመንና ቃሪያ ትከሉ፤ ከሌለ ከገበያ ግዙ። አንድን ሰው ከስከርቪ ለመጠበቅ በቀን 10 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃል። ያንን ያህል በአንድ መካከለኛ ጥሬ ቃሪያ ውስጥ ይገኛል።