የቢጫ ክንፎች ዘመን

ቦይንግ ፒ-26ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው የጦር አውሮፕላን ነው ቢሉት አያምንም። አጠር፣ ደልደል ያለ ነው። ገላው ሰማያዊ፣ ክንፉ ደማቅ ቢጫ፤ ጎማዎቹ ወደ ሆዱ አይታጠፉም፣ ትልልቅ የብረት ሽፋን ለብሰው እንደተንጠለጠሉ ይበራሉ። አብራሪዎቹ «ፒሹተር» ይሉት ነበር። ከዚያ ዘመን አውሮፕላኖች ሁሉ እኔ የምሳሳው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በማርች 1932፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት በተመታችበት ጊዜ ነው። ቦይንግ ሦስቱን የሙከራ አውሮፕላኖች በራሱ ወጪ ሠራ፤ ሠራዊቱ ሞተሮቹን አዋሰው። እስከዚያ ድረስ ተዋጊ አውሮፕላን ማለት በአብዛኛው ክንፍ በክንፍ ላይ የተደረበበት ነበር። ፒ-26 ግን ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ የመጀመሪያው ባለ ነጠላ ክንፍ ተዋጊ ሆነ። በሰዓት ወደ 375 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ ለዚያን ጊዜ ይህ ጉድ ነበር።

ልቤን የሚነካው ግን ከአሮጌው ዘመን ይዞት የቀረው ነገር ነው። ክንፉ እንዳይከብድ ብለው ከላይም ከታችም በሽቦ ወጥረውታል። የአብራሪው መቀመጫ ክዳን የለውም። ሰውየው ከአንገቱ በላይ ሜዳ ላይ ነው፤ ከፊቱ አንዲት ትንሽ መስታወት፣ በራሱ ላይ የቆዳ ቆብ፣ በዓይኑ ላይ መነጽር፣ ሌላው ሁሉ ነፋስ። ባለ ዘጠኝ ሲሊንደሩ ሞተር እዚያው ፊቱ ያጓራል። ከእሱ በኋላ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተዋጊ አብራሪ መስታወት ተከድኖበት መብረር ጀመረ። ደኅንነቱን አልጠላም፤ ያ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታው ትውልድ ግን ይናፍቀኛል።

ማረፉ ያስፈራ ነበር። በፍጥነት ስለሚወርድ ለስላሳ መሬት ላይ ሲገለበጥ የአብራሪው ራስ ከሥር ይውላል። በዚህ ምክንያት ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲያ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የራስ መደገፊያ ከፍና ጠንከር ተደረገ፤ ፍጥነቱን የሚያበርድ ፍላፕም ተጨመረለት። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በዚያች ጉብታ ላይ ነው። ከሰው ሞት በኋላ የመጣች ናት።

ሠራዊቱ ብዙም ሳይቆይ በአዳዲሶቹ ተካው። አርጅቶ ግን ጦርነት አገኘው። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፊሊፒንስን ስታጠቃ ካፒቴን ኼሱስ ቪላሞርና ጓዶቹ ዜሮ የተባለውን እጅግ ፈጣን ተዋጊ የገጠሙት በዚሁ ፒሹተር ነው። በሁለት መትረየስ ብቻ! ያውም እንደሚበልጣቸው እያወቁ ተነሡ። አሜሪካም ለቪላሞር ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ሸለመችው።

ጓቲማላ ደግሞ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሰማዩን ጄት ከያዘው በኋላ እንኳ፣ ታበረው ነበር። ዛሬ በሕይወት የተረፉት ሁለቱ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ አንዱ በካሊፎርኒያ ቺኖ ከተማ፣ ሌላው በስሚዝሶኒያን ሙዚየም እጅ ይገኛል። የስሚዝሶኒያኑ ያለው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስለሆነ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዙሪያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ቅርብ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሽቦዎቹን አሳዩአቸው።