ስድስት በር፣ አንድ ዋይፋይ
ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ

ሆሳዕና መናኸሪያ ስትደርሱ ከእግራችሁ ቀድሞ የሚወርደው ጆሯችሁ ነው። “ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው!” ይላል አንዱ። “ሾኔ የሞላ!” ይላል ሌላው፤ ዘወር ብላችሁ ብታዩ መኪናው ግማሹ ባዶ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ይህ ጩኸት ጥሩ ማንቂያ ነው።

እኔም ባለፈው ሚያዝያ፣ በዕለተ ሰኞ እንዲሁ ወረድኩ። ጓደኛዬ የተከራየው ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ ባጃጅ አላስፈለገኝም። ሐሳቤ ሁለት ቀን ቆይቼ፣ አታካና በልቼ መመለስ ነበር። ታዲያላችሁ፣ አታካናውም ተበላ፤ ሁለቱ ቀን ግን ያለቀው ገመድ ስንስብ ነው።

ግቢው እንዲህ ነው። ከፊት የአከራይዋ ቤት፣ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ። መሐል ላይ እንሰት። ከኋላ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች በአንድ ረድፍ፣ ጣሪያቸውም ግድግዳቸውም ቆርቆሮ። ተከራዮቹ አንዲት አስተማሪ፣ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ሞባይል ጠጋኝ፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና ጓደኛዬ ናቸው። ከተማዋ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል ይላል ጓደኛዬ፤ ስለዚህ ውሃውም፣ ቆጣሪውም፣ መጸዳጃውም የጋራ ነው። ኢንተርኔቱንም ስድስቱ በር አዋጥተው አንድ መስመር አስገብተዋል። ራውተሩ የተቀመጠው በእማማ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው።

ጠቡ

የእማማ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ብዙ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ አለው። በየሳምንቱ እሁድ ማታ በኢሞ ይደውላል። እኔ ከመድረሴ በፊት በነበረው እሁድ ግን ገና ወሬ ሲጀምር አፉን እንደከፈተ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ድምፁም ጠፋ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከኋላ አንዱ ክፍል ኳስ ያያል፣ ሌላው ፊልም ያወርዳል። እማማ ይህን ከየት ይወቁት? በግንቦት 2000ም ሆነ በሚያዝያ 2007 በደቡብ አፍሪካ የውጭ ሰዎች ሲጠቁና ሱቆቻቸው ሲዘረፉ በጭንቀት የሰነበቱ እናት ናቸው። ሌሊቱን ሲጸልዩ አደሩ። ጠዋት “ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ ነው” የሚል መልእክት ሲገባ ፍርሃቱ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ተከራዩን ሁሉ ሰብስበው “ይህ ገመድ ከግቢዬ ይውጣ!” አሉ።

አስተማሪዋ ክው አለች። የማስተርስ ጽሑፏን ለአማካሪዋ የምትልከው በዚሁ መስመር ነው፤ የቀራት ደግሞ ሦስት ሳምንት።

ያዳነን ጠጋኙ ልጅ ነው። እማማን በር ላይ አቁሞ መናኸሪያውን አሳያቸው። “እማማ፣ ራውተር ማለት ይኸ መናኸሪያ ነው። የዱራሜውም የሾኔውም መኪና ይገባበታል። መውጫው በር ግን አንድ ነው። አንድ ሲኖትራክ በሩ ላይ ቢገተር የእርስዎ ሚኒባስ በየት ትለፍ?”

እማማ ትንሽ አሰቡና “ሲኖትራኩ ማነው?” አሉ። ሁሉም ወደ ሁለቱ ተማሪዎች ዞረ።

ሥራው

እናንተም ቤት ተጋርታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተን ከፍ ካለ ቦታ፣ ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት አጠገብ ሰቀልነው። ቆርቆሮ የዋይፋይን ሞገድ ይመልሳል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ያደክመዋል። ራውተራችሁ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚሉ ሁለት ሞገዶች ካሉት፣ 5ቱ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። 2.4ቱ ዘገም ቢልም ራቅ ይላል።

ያም ሆኖ ቆርቆሮ ለበሶቹ ክፍሎች ስላልደረሳቸው ወደ ገመድ ሄድን። የኔትወርክ ገመድ በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙ አሉት። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ለእኛ 40 ሜትር በቃን። ዋናው ነገር የሽቦዎቹ የቀለም ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጓደኛዬ አንዱን ጫፍ በስሜት ሠርቶት ግማሽ ቀን አቃጥለናል።

ገመዱን ከጣሪያ ወደ ጣሪያ እንዳትዘረጉት። የሚያዝያ ዝናብ እዚያ ነጎድጓዱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ በአየር ላይ የተዘረጋ ገመድ መብረቅ በአቅራቢያው ሲወድቅ ጉልበቱን ወደ ዕቃችሁ ሊያስገባ ይችላል። እኛ በፕላስቲክ ቱቦ አድርገን ቀበርነው። እማማ ከላይ ቆመው “እንሰቴን እንዳትነኩ! በዚያ በኩል!” እያሉ መሐንዲሳችን ሆኑ። ቢቀበርም ታዲያ ሰማዩ ሲያጉረመርም የመብራቱንም የመስመሩንም ሶኬት ነቀል ማድረግ አይከፋም።

ከኋላ በኩል ጠጋኙ ያስቀመጠውን አሮጌ ራውተር ገጠምን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራውተር ለእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒዩተር አድራሻ ያድላል፤ ሁለቱም ካደሉ አንድ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ተራ አስከባሪ ቆመ ማለት ነው፤ መደባደብ ይመጣል። ስለዚህ በአሮጌው ላይ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አጥፉ፣ ለራሱም ከዋናው የተለየ አድራሻ ስጡት፣ ገመዱንም ላን ከሚለው ቀዳዳ ሰኩት። የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድም ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት፤ ያንን የሚያውቅ ጎረቤት የቤታችሁ አዛዥ ነው።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ሌላ ነው። ጎበዝ፣ ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም! መናኸሪያው ውስጥ ዕቃ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ሲዛወር የመውጫውን በር አይነካም። የተማሪዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተር የጋራ ማስቀመጫ አደረግነው። ፊልሙንም መጽሐፉንም አንድ ሰው ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ ያወርደዋል፤ ሌላው ከዚያ ይቀዳል። መስመሩ የተቋረጠ ቀን እንኳ መብራት እስካለ ድረስ ግቢው የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው።

ውሉ

ማክሰኞ ማታ እማማ ቡና አፈሉ። በሦስተኛው ስኒ ላይ ሕጉ ወጣ። ቀን ቀን ለእያንዳንዱ በር የፍጥነት ገደብ ይኑር። መዋጮው ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይግባ። አስተማሪዋ ጽሑፏን እስክታስረክብ ገደብ የለባት። እሁድ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት መስመሩ የእማማ ብቻ ነው። ኳስ ቢኖርስ? ተማሪዎቹ ተያዩ። “ካፌ እናያለን” አለ አንደኛው፣ እንደ መሐላ።

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ተሳፈርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ማታ ጓደኛዬ በተራ ስልክ ደወለልኝ። ሁሉም ግቢ ውስጥ ቆመዋል አለኝ፤ ስልኩንም ወደ ሳሎኑ መስኮት አስጠጋው። እማማ ከልጃቸው ጋር እየሳቁ ነበር።

“ዛሬ ደህና ትታየኛለህ” ይሉታል፣ “ሲኖትራኩን አስወጥተነዋል!”