ነበር ባይሰበር

አባቶቻችን ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ሲያወሩ ልብ ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወሬያቸው ሁሉ የሚያልቀው በ‹‹ነበር›› ነው። የአፍሪካ ዋንጫን ስንጀምር ነበርን፤ ዋንጫውንም በልተን ነበር… ገና ሠላሳ ያልሞላን እኛስ? እኛ የደረሰን ‹‹ነበር››ዋ ብቻ ናት።

ለነገሩ ውሸት የለባትም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲካሄድ የተጫወቱት ሦስት ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳንና እኛ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስለቀረች አንድም ጨዋታ ሳናደርግ ለፍጻሜ ደረስን። ፍጻሜው ላይ ግን ግብፅ 4 ለ 0 ሸኘችን (ይቺን እንኳ አባቶቻችን ብዙም አያነሷትም!)።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ተወራረደ። ሁለት ጊዜ በግብፅ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ከአግቢዎቹ ውስጥ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬ ያለን አንድ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ራሳችን አዘጋጅተን ዋንጫው ለእንግዳ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ሄደን በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያ 31 ዓመት ዝም!

የኛ ታሪክ የሚጀምረው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የረታንን የሱዳን ቡድን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አግብተውበት 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች አለፍን። ያኔ ልጆች ነበርን። ከተማው በጥሩምባ ሲቀወጥ፣ የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ሲተቃቀፍ ያየነው ያን ቀን ነው። በዚያው ዓመት፣ ያውም ጥር 13 ቀን፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ተጋጠምን። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በ10 ሰው እየተጫወትን አዳነ አንድ አቻ አደረገን። ልክ በ51 ዓመቱ! ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ 4፣ ናይጄሪያ 2 አገቡብን፤ ይሁና። ያቺ የአዳነ ጎል ግን የራሳችን ናት፤ ከማንም አልወረስናትም።

አሁን ወደሚያመን ነገር እንምጣ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቧቸው ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፍን። ሳላዲንን አይተን ላደግን ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚሉትን ይመልስ ተብለናል። የዚህ ዜና ‹‹የት››ስ? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። የተመዘገበው ደግሞ ‹‹የሜዳችን ጨዋታ›› ተብሎ ነው! ስታዲየሞቻችን ያኔ የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ዋልያዎቹ ግብፅን እንኳ ‹‹ያስተናገዱት›› ሻንጣ ሸክፈው ነበር።

እንግዲህ አስቡት። የ1954ቱ ልጅ ግብፅ ስትሸነፍ ከሜዳው ጩኸቱን ሰምቷል፤ እየጨፈረ በእግሩ ቤቱ ገብቷል። አባቶቻችን ስድሳ ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ሊተርኩልን የቻሉት እኮ ደጃቸው ላይ ስለሆነ ነው። እኛ የ2014ቱን ድል በስልካችን ስክሪን አየነው፤ ስናበቃ ወደ ሥራችን ተመለስን። ጥሩምባ የለ፣ መተቃቀፍ የለ።

ስለዚህ ዋንጫ አምጡ ብለን ልጆቹን አናስጨንቅም። የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ታክሲ ይዘን የምንሄድበት፣ ትኬት ተሰልፈን የምንቆርጥበት፣ ብንሸነፍም ተያይዘን የምንመለስበት ሜዳ። ያለሱ እኛም ነገ ለልጆቻችን የምንነግረው የአባቶቻችንን ‹‹ነበር›› ብቻ ይሆናል።