ወፎቹን የምናይበት ዓርብ

የትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ በሚመጣው ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሎያዳ በሚወስደው የባሕር ዳርቻ የወፎች ፎቶግራፍ ጉዞ ለማድረግ አቅዷል። ጥያቄው የቀረበልኝ ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ነበር። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ለምን አንሄድም?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ፣ «ለዘንድሮ አይሆንም» ስላችሁ ቅር ብሏችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ። በተለይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ሐሳቡን ያመነጫችሁት እናንተ ሆናችሁ ጉዞው ሳይደርስላችሁ ትሄዳላችሁና ምክንያቱን በወጉ ላስረዳችሁ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

በመጀመሪያ ስለ ወሩ። ረጃጅም እግሮቻቸውን እያነሱ ጭቃው ላይ ከሚለቅሙት ወፎች አብዛኞቹ እዚህ አይራቡም። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ነው። የዚያ አገር ብርድ ሳይጠናባቸው ወደ ደቡብ ይነሳሉ፤ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። እናንተ ቢሮዬ በመጣችሁበት ሳምንት ብዙዎቹ መንገድ ጀምረው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሙቀት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኻምሲንም አቧራውን ይዞ ይመጣል። መሬቱ ሲግል ከላዩ የሚነሳው ትኩስ አየር ራቅ ብሎ የቆመን ወፍ እንደ ነበልባል ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ ሰዓት ውድ ካሜራም ቢሆን የሚሰጠው ምስል ብዥ ያለ ነው።

ስለዚህ ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ወራት ናቸው። ጥቅምት ላይ አላፊ አግዳሚው ወፍ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወበቁ ገና አይለቅም፤ ትምህርቱም ገና መጀመሩ ነው። መጋቢት ለፎቶግራፍ እጅግ ያምራል፤ ግራጫ ሆነው የከረሙት አንዳንዶቹ ወፎች ለመራቢያ ወቅታቸው ደማቅ ቀይ ላባ ማውጣት ይጀምራሉ። ሆኖም ያን ጊዜ ፀሐዩ ይበረታል፤ ዐቢይ ጾምም ይገባል። ጥር መጨረሻ ላይ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ወፎቹ ከመጡ ወራት ስላለፉ ቦታቸውን ለምደው ተረጋግተዋል፤ እኛም የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ፈተና ጨርሰናል። ከሦስቱ ጥርን የመረጥነው ለዚህ ነው።

ወሩን መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑንና ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውሃው ሲሸሽ ወፎቹ ተከትለውት በሰፊው ጭቃ ላይ ይበተናሉ፤ በዓይን እንኳ ለመለየት ያስቸግራሉ። ውሃው ሲሞላ ግን ወደ ዳር እየገፋ ይሰበስባቸዋል። በዚያ ላይ ዳርቻው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያይ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊታችን ትሆናለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከጀርባችን ሆና ወፎቹን ታበራልናለች። የምንፈልገው እንግዲህ ባሕሩ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የሚሞላበትን ዓርብ ነው።

የሒሳብ ትምህርት ምን ይጠቅማል ለምትሉ ይኸው! ባሕር የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በሰባት ቀን 350 ደቂቃ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስለዚህ በአንዱ ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ሞልቶ ያገኘነው ባሕር፣ በሚቀጥለው ዓርብ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ይጠብቀናል። በወር ውስጥ የሚመቹን ዓርቦች ከሁለት ብዙም አይበልጡም። ክበቡ የወደቡን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ አይቶ ሁለት ቀናት ይመርጣል፤ አንዱ ነፋስ ቢበረታ መጠባበቂያ ይሆናል።

ከሁሉም የከበደው ስለ ቦታው የተደረገው ውይይት ነበር። ከእናንተ አንዳንዶቹ ኦቦክን መርጣችሁ ነበር፤ ከዚያ በስተ ሰሜን ባለው የጎዶሪያ የማንግሮቭ ደን ብዙ ወፍ ይገኛልና ምርጫችሁ መጥፎ አልነበረም። በወላጆች ስብሰባ ላይ ግን አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ወንድሜ ከዚያ ዳርቻ ነው በጀልባ የተነሣው፤ እስከ ዛሬ ድምፁን አልሰማንም። ልጄን ለወፍ ብዬ ወደዚያ አልክም» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወደ የመን ለመሻገር ብዙ ወገኖቻችን በእግራቸው የሚጓዙት ወደ ኦቦክ እንደሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ለወፍ የምንመርጠውን ወር እነርሱ የመምረጥ ዕድል የላቸውም፤ በሐምሌ ፀሐይም ይሄዳሉ።

እኒህን እናት በክርክር ለመርታት አልሞከርሁም። ቦታው ሎያዳ እንዲሆን ተስማማን። ሃራሙስ–ሎያዳ በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመዝግቧል፤ ለከተማችንም ቅርብ ስለሆነ ሳይመሽ እንመለሳለን። ሎያዳ ድንበር ስለሆነ የሚመለከታቸውን ባለሥልጣናት ፈቃድ አስቀድመን እንጠይቃለን፤ እያንዳንዱ ተማሪም መታወቂያውን ይይዛል። ለአሥር ተማሪ አንድ ወላጅ አብሮ ይሄዳል።

ስትደርሱ የምትፈልጓትን አንዲት ወፍ ልንገራችሁ። ላባዋ ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሯ ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ምግቧ በአብዛኛው ሸርጣን ነው። እንደ ሌሎቹ ከሳይቤሪያ የመጣች አይደለችም፤ የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ወፍ ናት። አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነጭ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ጫጩቷ መራመድ ከቻለ በኋላም ለረጅም ጊዜ እየመገበች አብራው ትቆያለች። ስታገኟት አትቅረቧት፤ ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ባሕር ሲሞላ ወፎች የሚያርፉበት ሰዓት ነው። አስደንግጠን ባስነሣናቸው ቁጥር ለረጅም በረራ ያጠራቀሙትን ስብ እናስጨርሳቸዋለን። አሥር ብዥ ያሉ ፎቶዎች ከማንሳት አንድ ወፍ ሳያስነሡ መመለስ ይሻላል።

ዘንድሮ ለምትመረቁት፦ ይህ እቅድ የእናንተ ነው። ክበቡ ፎቶዎቹን በያላችሁበት ይልክላችኋል። ለወላጆች፦ የፈቃድ ቅጹ በመስከረም ይደርሳችኋል። እኒያ እናት ይፈርሙ አይፈርሙ እንደሆነ አላውቅም፤ አላስቸኩላቸውምም። የልጃቸው ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ይጠበቃል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።