ሁለት ጊዜ ያየሁት ፊልም
የካቲት በበርሊን

በየካቲት አጋማሽ በርሊን ብትገቡ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው። ጆሮ የሚቆርጥ ንፋስ፣ የረጠበ አስፋልት፣ ማምሻውን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የሚጨልም ሰማይ። ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥታችሁ ፖትስዳመር ፕላትዝ ከተባለው አደባባይ ስትደርሱ ግን ከተማዋ በድብ ምስል አሸብርቃ ታገኟታላችሁ። ድብ የታተመበት ቦርሳ፣ ድብ የተሳለበት ሰሌዳ፣ ድብ ያለበት ባንዲራ። በዚህ መሐል አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ፣ በአንድ እጃቸው ቡና በሌላው ዳቦ ይዘው የሚሮጡ ሰዎች ታያላችሁ። እንቅልፍ ያጡ ይመስላሉ፤ አጥተዋልም። ፊልም አይተው የሚጽፉ ሐያስያን ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የካቲት እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ብዙ ፊልም አየሁ። አንዱን ግን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ ለሥራ፣ አንዴ ከእህቴ ጋር። ዛሬ ስለ በርሊን ላወጋችሁ የተነሳሁት በእነዚያ ሁለት ትዕይንቶች መካከል ባለው ልዩነት ምክንያት ነው።

የድቡ ከተማ

ድብ የበርሊን አርማ ነው። የፌስቲቫሉ ዋና ሽልማት ወርቃማው ድብ የተባለውም ለዚህ ነው። በርሊናሌ የሚሉት ይህ ፌስቲቫል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951፣ ከተማዋ በጦርነት ፈርሳ ገና ፍርስራሿ ሳይነሳ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ በተከፈለችበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው መክፈቻ ፊልም የአልፍሬድ ሂችኮክ «ርብቃ» ነበር። ያኔ ፌስቲቫሉ የሚካሄደው በበጋ ነበር፤ ወደ ክረምቱ ብርድ የተዛወረው በ1978 ነው።

ዛሬ ዋናው አዳራሽ የሚገኝበት ፖትስዳመር ፕላትዝ የበርሊን ግንብ ያለፈበት ባዶ ሜዳ ነበር። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ በመስታወት ፎቆች ተሞላና ፌስቲቫሉ በ2000 ወደዚያ ገባ። መሬቱን አይታችሁ ከሄዳችሁ አስፋልቱን አቋርጦ የሚያልፍ ጥንድ የድንጋይ መስመር ታገኛላችሁ። ግንቡ የቆመበት ቦታ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሲኒማው ሲጣደፍ ሳያውቀው ይሻገረዋል።

ስለ ካን ሰምታችኋል። ካን በዋናነት የሙያው ሰዎች ድግስ ነው፤ መታወቂያ የሌለው ተመልካች ቀይ ምንጣፉን ከሩቅ ያያል። በርሊን ግን ለከተማው ሕዝብ ክፍት ነው። በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ቲኬት ይሸጣል። ከሥራ የወጣች ነርስ፣ ጡረተኛ መምህር፣ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ቆመው ከሴኔጋል ወይም ከኢራን የመጣ ፊልም ለማየት ይገባሉ። እኛም እዚህ መድረክ ላይ ታሪክ አለን፤ በ2014 የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» በፓኖራማ ክፍል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ያንን ሽልማት የሚሰጠው ቲኬት ገዝቶ የገባው ሰው ነው።

የሐያሲ ውሎ

ፊልም እያዩ መዋል ለሰሚው መታደል ይመስላል። ውሎው እንዲህ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለጋዜጠኞች በተዘጋጀው ትዕይንት ትገባላችሁ። እሱ ሲያልቅ ለሁለተኛው ትሰለፋላችሁ። በቀን አራት፣ አንዳንዴ አምስት ፊልም ይታያል። በመሐል ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይጻፋል። ማታ አዘጋጁ ጽሑፉን ይጠብቃል። ከፊልሙ በታች ኮከብ ይደረደራል፤ አንድ ሰው አራት ዓመት የደከመበት ሥራ በአንድ ደቂቃ «ሁለት ኮከብ» ይባላል።

ወደ ፌስቲቫል የሚመጡት ፊልሞች ደግሞ ለጥድፊያ የተሠሩ አይደሉም። ብዙዎቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ካሜራው አንድ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ ሙዚቃ የለም፤ ማን ጥሩ ማን ክፉ እንደሆነ የሚነግራችሁ የለም። እንደ ቡና ሥነ ሥርዓት ናቸው፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጠብቅ የተነሳ ሰው ቡና ጠጣ እንጂ ቡና ላይ ነበር አይባልም። ሐያስያን ግን ብዙ ጊዜ በአቦሉ እንነሳለን። በጨለማው ውስጥ የወንበር መታጠፍ ድምፅ ቋ፣ ቋ ሲል ትሰማላችሁ፤ ባልደረቦቻችን ወደ ሌላ አዳራሽ እየሮጡ ነው።

የማቲ ዲዮፕን «ዳሆሜ» ያየሁት እንዲህ ባለ ድካም ውስጥ ነው። ዲዮፕ ፈረንሳዊትና ሴኔጋላዊት ናት፤ «ቱኪ ቡኪ»ን የሠራው የጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ የወንድም ልጅ። ፊልሟ 68 ደቂቃ ብቻ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1892 ከዳሆሜ መንግሥት፣ ከዛሬዋ ቤኒን፣ የዘረፋቸው 26 ቅርሶች በኅዳር 2021 ከፓሪስ ሙዚየም ወደ ኮቶኑ ሲመለሱ ይከተላል። ሲለኩ፣ ሲጠቀለሉ፣ በሣጥን ሲታሸጉ ታያላችሁ። ከመካከላቸው የንጉሥ ጌዞ ሐውልት ይናገራል። መጠሪያው በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፦ 26። ስክሪኑ ይጨልማል፤ ከጨለማው ውስጥ በፎን ቋንቋ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ወፍራም ድምፅ ይሰማል።

ስክሪኑ ሲጨልም የእኔም ዓይን ተከደነ። አሥር ደቂቃ ያህል ተኝቻለሁ። ከ68 ደቂቃ ፊልም አሥሩን መተኛት ከሰባት ገጽ አንዱን ቀዶ እንደማንበብ ነው። ይህን ግን ለአዘጋጄ አልነገርኩትም። «ሐሳቡ ትልቅ፣ ፊልሙ ትንሽ፤ ተናጋሪው ሐውልት ብልሃት ነው እንጂ ስሜት የለውም» ብዬ ጽፌ፣ ሁለት ኮከብ ሰጥቼ ላክሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰልፍ ሄድኩ።

እሑድ፣ ከእህቴ ጋር

ያረፍኩት እህቴ ቤት ነበር። ታላቄ ናት። በርሊን ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሌሊት ገብታ ጠዋት ትወጣለች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፌስቲቫሉን ያየችው በአውቶቡስ መስኮት ነው። «ለእኔ አይነት ሰው የተዘጋጀ አይመስለኝም ነበር» አለችኝ።

የፌስቲቫሉ የመጨረሻ ቀን እሑድ ለተመልካች የተተወ ነው። ሽልማቱ ቅዳሜ ማታ ተሰጥቶ ያበቃል፤ ከዋክብቱ ይሄዳሉ፤ እሑድ ፊልሞቹ እንደገና ለከተማው ሰው ይታያሉ። እህቴ ያን ቀን ዕረፍት ስለነበረች ሁለት ቲኬት ቀድሜ ገዛሁ። ያገኘሁት የ«ዳሆሜ»ን ነበር። አጭር ስለሆነ አትሰለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቅዳሜ ማታ ሉፒታ ኒዮንጎ የመራችው ዳኝነት ወርቃማውን ድብ ለማን ሰጠ? ለ«ዳሆሜ»። እኔ ሁለት ኮከብ ለሰጠሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሽልማቱ ሐሳቤን አላስቀየረኝም። ዳኞችም ይሳሳታሉ። ያስቀየረኝ እሑድ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማንም አልተነሳም፤ የወንበር ድምፅም አልነበረም። ስክሪኑ ሲጨልም ዓይኔን ከፍቼ ነበር። ሐውልቱ የሚለውን ያኔ ነው የሰማሁት። ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው፤ ግን ይፈራል። የሚያውቀው ሰው እንዳይጠፋ ይፈራል፤ እሱም አገሩን እንዳያውቀው ይፈራል። በመጀመሪያው ትዕይንት የተኛሁበት ቦታ ይኸው ነበር። ወደ ጎን ዞር ስል እህቴ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ስንወጣ ብዙ አልተናገረችም። ባቡር ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ነው የጀመረችው።

«እኔም ቁጥር ነበርኩ» አለች። «እዚህ የመጣሁ ጊዜ፣ ወረቀቴ እስኪያልቅ፣ መስኮቱ ጋ ሲጠሩኝ ስሜን አይደለም። ቁጥሬን ነው። እስካሁን በቃሌ አለ።» ነገረችኝም፤ ሰባት አኃዝ ናት፣ በጀርመንኛ።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እማዬ ስታርፍ ያልመጣሁት ገንዘብ አጥቼ መስሏችሁ ነበር አይደል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ፈርቼ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ፣ ሰው ተበትኖ፣ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ባጣስ ብዬ። ይሄ የእንጨት ንጉሥ የሚለውን።»

ለአሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቅናት ጥያቄ ነበር። ቤተሰብ ውስጥ ስንት ነገር ሳይጠየቅ እንደሚያድር ታውቃላችሁ።

ከዚያ እንዳሾፈች ቀና ብላ፣ «አንተ፣ ይሄን ፊልም ነው ያጣጣልከው?» አለችኝ።

ያን ምሽት ለአዘጋጄ ደውዬ የተኛሁበትን ነገርኩት፤ ጽሑፉንም እንዲመልስልኝ ለመንኩት። ተቆጣ፤ ግን እስከ ጠዋት ጊዜ ሰጠኝ። በእህቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ፊልሙን እንከን የለሽ አላልኩትም። የአቦሜ ካላቪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራከሩበት ክፍል፣ 7,000 ያህል ከተወሰደ 26 መመለስ ክብር ነው ወይስ ስድብ የሚሉበት፣ ሲጋል የሚቋረጥ ይመስለኛል፤ እንደዚያው ጻፍኩት። እህቴም የቤተ መንግሥቱ ሥነ ሥርዓት በዝቶባታል። ኮከብ ግን አልሰጠሁም። ከዚያ ወዲህም ሰጥቼ አላውቅም።

የሩብ ሰዓት መንገድ

በማግስቱ ሰኞ ወጣ ብለን በእግር ሄድን። ከፌስቲቫሉ አዳራሽ ሩብ ሰዓት ያህል ብትራመዱ ቪልሄልም ጎዳና ትደርሳላችሁ። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት ደንብ ያወጡበት ጉባኤ የተቀመጠው እዚህ፣ በቢስማርክ መኖሪያ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም። ቦታውን የሚያስታውስ አንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሟል። አፍሪካዊ ታሪክ የሚተርክ ፊልም ድብ በተሸለመ ማግስት እዚያ መቆም ልዩ ስሜት አለው። እህቴ በጣቷ ቆጥራ «ዓድዋ ከዚህ በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አለች። የዓድዋ በዓል አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሌላ ቀን ካላችሁ ሁምቦልት ፎሩም ግቡ። እዚያ የቤኒን ነሐሶች የሚባሉትን ታያላችሁ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ እነዚህ ከዳሆሜ ሳይሆን በዛሬዋ ናይጄሪያ ከነበረው የቤኒን መንግሥት የተዘረፉ ናቸው። ጀርመን በ2022 ባለቤትነታቸውን ለናይጄሪያ አስተላልፋለች፤ አንድ ክፍላቸው በውሰት በርሊን ቀርቷል። መስታወቱ ፊት ስትቆሙ መቅደላን ሳታስቡ አትቀሩም። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ አሥራ አንድ ታቦታት ዛሬም በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ፣ ለጎብኚ በማይታይ ስፍራ ተቀምጠዋል። የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2019 ከለንደን ተመልሷል። የልዑል ዓለማየሁን አፅም መልሱ ለሚለው ጥያቄ ግን በ2023 የተሰጠው መልስ እምቢታ ነው። «ዳሆሜ» ስለ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እናንተም ብትሄዱ

የሼንገን ቪዛችሁን ከወራት በፊት ጀምሩ። ቲኬት በኢንተርኔት የሚሸጠው ትዕይንቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፤ ታዋቂዎቹ በደቂቃዎች ስለሚያልቁ ሰዓቱን ጠብቁ። ልጆች ካሏችሁ «ጄነሬሽን» የሚባለውን ክፍል ፈልጉ። ለልጆችና ለወጣቶች የተመረጡ ፊልሞች የሚታዩበት ሲሆን ክሪስታል ድብ የሚባለውን ሽልማት የሚሰጡት ራሳቸው ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ለሌሎቹ ክፍሎች የዕድሜ ገደቡን አስቀድማችሁ አጣሩ። ወፍራም ካልሲ አትርሱ።

በቀን ከሁለት ፊልም በላይ አትዩ። ከመካከላቸው አንዱ ዝግ ብሎ ሲያስጨንቃችሁ ለመነሳት አትቸኩሉ፤ ሦስተኛውን ስኒ ጠብቁ። ከተቻለም ብቻችሁን አትግቡ። ከእናንተ የተለየ ሕይወት የኖረ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዛችሁ ግቡና ስትወጡ ቀድማችሁ ፍርድ አትስጡ። መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።

እህቴ ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ መጣች። ሰፈራችን እንደፈራችው ፈርሷል። ቢሆንም ከአሮጌው መንገድ ጥግ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ገና ከሩቅ አይተዋት በሕፃንነት ስሟ ጠሯት።