ስለ በሶብላ አበባ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የኢትዮጵያ ደጋ ሜዳው ሁሉ የአደይ አበባን ቢጫ ይለብሳል፤ ልጃገረዶች ሲዘፍኑ፥ ሽማግሎችም ሲመርቁ የሚያነሡት እርሱን ነው። በዚያው ወራት ግን በየቤቱ ጓሮ፥ በጎመኑና በጤና አዳሙ አጠገብ፥ ሌላ አበባ ሳይዘፈንለት ያብባል፤ እርሱም የበሶብላ አበባ ነው። መልኩ ትሑት ነው፤ ነጣ ያለ፥ አንዳንዱም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፥ በቀጭን ዘንግ ዙሪያ እንደ ቀለበት እየተሰካ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ለዐይን የተሰጠው አደይ በረገፈ ጊዜ ነገሩ ያበቃል፤ ለድስት የተሰጠው በሶብላ ግን ደርቆና ተወቅጦ እስከሚመጣው መስከረም ድረስ የቤቱን ወጥ ሲያውድ ይኖራል።

ይህ ተክል በብዙ አገር የታወቀ ነው። የግሪክ ሰዎች «ባሲሊኮን» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም ንጉሣዊ ማለት ነው፤ የቅዱስ ባስልዮስም ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ዕፀዋትን በመዘገበበት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓመት በታተመው መጽሐፉ፥ ይህንኑ የንጉሥ ስም አጸናለት። ነገር ግን አንድ ተክል በየአገሩ የሚፈለግበት ጊዜ አንድ አይደለም። የኢጣልያ ሰዎች፥ ይልቁንም በጄኖቫ ከተማ ያሉት፥ የሚሹት ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉን ነው፤ አበባ ሊይዝ የጀመረውን ጫፍ ግን ቀጥፈው ይጥሉታል፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይጠነክራል፥ ጣዕሙም ይለወጣል ይላሉና። የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴት ግን የምትጠብቀው እነርሱ የሚጥሉትን ነው፤ እነርሱ የሚሸሹት ቀን ለእርስዋ የመከር ቀን ነው።

መከሩም ልክ አለው። በዘንጉ ላይ የታችኛው አበባ ፈክቶ የላይኛው ገና እምቡጥ ሳለ፥ ያን ጊዜ ይቈረጣል። ከዚያ አስቀድሞ የቈረጠ ሰው ሣር ሣር የሚል ቅጠል ያገኛል፤ ያዘገየም ሰው አበባው ረግፎ፥ ዘንጉ እንጨት ሆኖ ይቈየዋል። ሰዓቱም ጧት፥ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ መዓዛው የሚገኘው በቅጠሉና በአበባው ጽዋ ላይ በተበተኑ፥ ዐይን በጭንቅ በሚያያቸው የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ይህም ዘይት ሙቀት ሲያገኘው ተንኖ ይጠፋል። ጤዛ ያልለቀቀው ደግሞ ሲከመር ይሻግታል። ስለዚህ ባለሙያይቱ ዘንጉን ከነጥቂት ቅጠሉ በቢላዋ ትቈርጠዋለች እንጂ ተክሉን ከሥሩ አትነቅለውም፤ ግንዱ ከቀረ ከጎኑ ደግሞ ያቈጠቍጣልና። የቈረጠችውንም በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋ በጥላ ታሰጣዋለች፥ በየጊዜውም ታገላብጠዋለች። በፀሐይ ያደረቀችው እንደ ሆነ ገለባው ይቀርላታል፥ መዓዛው ግን በርሮ ይሄድባታል።

ወደ ማጀት ከገባ በኋላ ሥራው ሦስት ነው። ፊተኛው ሽሮ ነው፤ አተሩ ወይም ሽምብራው ታምሶ ይከካል፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ከበሶብላው ጋራ ተወቅጦ ይታሽበታል፥ ከዚያም ደርቆ ይፈጫል። ሁለተኛው በርበሬ ነው፤ ዛላው ተቀንጥሶ ከተወቀጠ በኋላ ከሽንኩርቱ፥ ከዝንጅብሉ፥ ከጤና አዳሙ ፍሬና ከበሶብላው ጋራ ተለውሶ ይከደናል፤ ቅመሙ እርስ በርሱ ከተዋሐደ በኋላም ተሰጥቶ ይደርቅና ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋራ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ሦስተኛው ቅቤ ነው፤ በዝግታ እሳት ሲነጠር ከኮሰረት ጋራ ጥቂት በሶብላ ይጨመርበታል፥ እርሱም መዓዛውን ለቅቤው ሰጥቶ በማጥለያው ይቀራል። በሦስቱም ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሲበዛ ይመራል፥ የሌላውንም ቅመም ጣዕም ይሸፍናል። ሥጋና ቅቤ በማይቀርብበት በጾም ወራት ግን ዋጋው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሽሮና ውኃ፥ ጥቂትም ዘይት ብቻ የሆነውን ወጥ ጾመኛ ደስ ብሎት እንዲጎርሰው የሚያደርገው ይህ ጭብጥ የማይሞላ አበባ ነው።

በአንዲት የጎጃም ከተማ የምትኖር አንዲት ባልቴት በጓሮዋ ሁለት መደብ በሶብላ ትዘራ ነበር። ልማድዋም አንዱን መደብ ለድስት መቍረጥ፥ ሁለተኛውን ግን ሳይነኩ እስኪደርቅ ድረስ መተው ነበር። አንድ ዓመት በአሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ልጅዋ በርበሬ እንዲላክለት ለመነ። በዚያው ሰሞን ባልቴቲቱ ለክርስትና ወደ ዘመድ ቤት ሄዳ ሳለ፥ ምራትዋ የሚላከው በርበሬ እንዲያምር ብላ ሁለቱንም መደብ ቈረጠች። ባልቴቲቱ ተመልሳ ጓሮውን ባየች ጊዜ፥ «ልጄ፥ ዘሩስ?» ብላ ጠየቀቻት። ምራቲቱም፥ «እማማ፥ ይኸው በሰፌድ ሞልቶ የለም? ከዚሁ እንዘራለን» ብላ መለሰች። ባልቴቲቱም ነገሩ በቃል ከመነገር ይልቅ በዐይን ቢታይ እንደሚሻል አስባ ዝም አለች።

ግንቦት አልፎ ዝናብ ሲጥል ምራቲቱ ያስቀረችውን ደረቅ ዘንግ በነጭ ነጠላ ላይ አራገፈችው፤ የወረደው ገለባና ትቢያ ብቻ ነበር። በፈካበት ቀን የተቈረጠ አበባ ዘር ለመቋጠር ጊዜ አላገኘምና፥ መዓዛው በሞላ ጊዜ ዘሩ ገና ነበር። ወደ ገበያ ወርዳ የገዛችውም ደረቅ በሶብላ እንደዚያው በአበባው የተቈረጠ ስለ ነበረ ምንም አላፈራላትም። ጓሮው ባዶውን ሊከርም ሲል፥ ከብዙ ዓመት በፊት ከባልቴቲቱ እጅ ዘር ወስዳ የነበረች ጎረቤት ይህን ሰማች፤ ከጤፍ የሚበልጠውን ጥቁሩን ዘር በጨርቅ ቋጥራ አመጣችላቸው። ባልቴቲቱ የተሰጣትን ያንኑ የሰጠችውን ዘር መሆኑን ታውቅ ነበር። ምራትዋንም አልተቈጣቻትም፤ ቋጠሮውን በእጅዋ አስይዛ፥ «አንቺው ዝሪው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን መደብ ከዶሮም ከልጅም የምትጠብቀው ምራቲቱ ሆነች።

ይህ ነገር ለጓሮ ተክል ብቻ የተነገረ አይደለም። በሰሜን ተራራ፥ በመንዝ ጓሳና በባሌ ደጋ ጦስኝ የሚባል መዓዛው ያማረ ተክል ከምድር ተጠግቶ ይበቅላል፤ ሊቃውንቱም በስሙ ላይ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዐድዋ ያረፈውን የጀርመን ተወላጅ የሺምፐርን መታሰቢያ አኑረውበታል። ጦስኝ ከነአበባው ተለቅሞ ለሻይ ይፈላል፥ በበርበሬም ይገባል። እርሱ ግን በአብዛኛው ከዱር ይለቀማል እንጂ አይዘራም። ጫፍ ጫፉን በማጭድ የሚያነሣ ለቃሚ ለከርሞው ይመለስበታል፤ ለገበያ ቸኵሎ ከነሥሩ የሚነቅል ግን የራሱንም የልጁንም ድርሻ በአንድ ቀን ይሸጣል። ለባልቴቲቱ ጓሮ ጎረቤት አበደረችላት፤ ለተራራው ግን ማን ያበድርለታል?

ዛሬ የከተማ ጓሮ ጠቧል፥ በብዙም ቤት ፈጽሞ የለም፤ ሽሮውም በርበሬውም ተፈጭቶ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። ይህ ጊዜ ያመጣው ነውና ገዢውን ሊነቅፉት አይገባም፤ ሠራተኛ የሆነች ሴት ሰፌድ የምታሰጣበት ቀን ከወዴት ታገኛለች? ነገር ግን በከረጢት የሚገዛ ሰው የደረሰውን ይገዛል እንጂ የሚመጣውን አይገዛም፤ የመቍረጫውን ቀን፥ የጥላውን ማድረቂያ፥ የሚተወውንም መደብ ነጋዴ አይሸጥለትምና። በሶብላ ደግሞ ሰፊ መሬት አይጠይቅም፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ በተቀመጠ ሸክላ እንኳ ይበቅላል። በባዕድ አገር ያለውም ሰው ውርጭ እንደሚገድለው ዐውቆ በሙቀቱ ወራት ቢዘራው ያብብለታል።

ለጀማሪ ሰው ሁለት ዘንግ ይበቃዋል፤ አንዱን አብቦ ሳለ ይቍረጥ፥ በወጡም ይደሰትበት፤ ሁለተኛውን ግን ቡናማ ሆኖ ዘሩ በእጅ መካከል ሲታሽ እስኪወርድ ድረስ ይተወው። ከዚያም ዘር ቈንጥሮ ለጎረቤቱ ይስጥ፤ የገዛ መደቡ ባዶ በሚሆንበት ዓመት የሚመለስለት ያ የሰጠው ነውና።